ስምና ጭምብል፤ የቱኒዚያ ጦማሪዎች ከ2011 በፊትና በኋላ

ሰው ደብዳቤ ሲጽፍ ከመጨረሻው መስመር በታች ስሙን ያኖራል። ልማዱ እጅግ የቆየ ስለ ሆነ ምክንያቱን የሚጠይቅ የለም። ስም የሌለው ደብዳቤ የደረሰው እንደ ሆነ ግን የማንም ሰው ልብ ይሻክራል፤ ከማን እንደ መጣ፥ ላኪውም ስለ ምን እንደ ተሰወረ ሳያውቅ ቃሉን በምን ሚዛን ይመዝነዋል? ይሁን እንጂ ስሙን የሸሸገ ሁሉ ክፉ ነው ለማለት አይቻልም። በአገራችን ሹማምንት የሕዝቡን ልብ ለማወቅ ሲፈልጉ «እረኛ ምን አለ?» እያሉ ያስጠይቁ እንደ ነበር አባቶቻችን ነግረውናል። እረኛው ከብቱን እየነዳ በዜማ የሚለውን ነገር ማን እንደ ጀመረው አይታወቅም ነበር፤ ባለመታወቁም እውነቱ ተናጋሪውን ሳያስቀጣ እስከ ሹሙ ጆሮ ይደርስ ነበር።

እንግዲህ ስምን መሸሸግ ለአንዱ ጋሻ፥ ለሌላው የቀማኛ ጫካ ሊሆን ይችላል። መቼ ጋሻ፥ መቼ ጫካ እንደሚሆን ለማወቅ ነገሩን በባዶ ሜዳ ከማውራት አንድ አገርና አንድ ዘመን ይዞ መመርመር ይሻላል። እኔም ለዚህ የቱኒዚያን ጦማሪዎች መርጫለሁ፤ ምክንያቱም በሃያ ዓመት ያህል ጊዜ ውስጥ አፋቸው ተዘግቶ፥ ተከፍቶ፥ እንደ ገናም ሲዘጋ ያዩ ሰዎች ስለ ሆኑ ነው። ጦማሪ የምንለው በኢንተርኔት በገዛ ገጹ ላይ፥ ያለ ማተሚያ ቤትና ያለ አዘጋጅ ፈቃድ፥ አሳቡን የሚያወጣውን ሰው ነው። ጦማር ማለት በግዕዝ ደብዳቤ ወይም የተጠቀለለ መጽሐፍ ማለት በመሆኑ፥ ለአዲሱ ሥራ ይህን አሮጌ ቃል ያገኘለት ሰው ሊመሰገን ይገባዋል። ከዚህ በታች የምጠቅሳቸው ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

ፕሬዚዳንት ዘይን ኤል አቢዲን ቤን አሊ ቱኒዚያን ከ1987 እስከ 2011 ድረስ ገዙ። መንግሥታቸው ኢንተርኔትን ወደ አገሩ ካስገቡት መንግሥታት ቀደም ካሉት ወገን ነበረ፤ ነገር ግን በአንድ እጁ በሩን ሲከፍት በሌላው እጁ መቀርቀሪያውን ያዘጋጅ ነበር። አንድ ሰው የተከለከለ ገጽ ለማየት በሞከረ ጊዜ «ይህ በመንግሥት ትእዛዝ ተከልክሏል» የሚል ማስታወቂያ አያገኝም ነበር። የሚያገኘው 404 የሚል ቍጥር ነበር፤ ይህም በኢንተርኔት ቋንቋ «የፈለግኸው ገጽ አልተገኘም» ማለት ነው። ከልካዩ መከልከሉን እንኳ ክዶ፥ ገጹ ከመጀመሪያውም ያልነበረ ለማስመሰል ይሞክር ነበር። ቱኒዚያውያን ይህን ባዩ ጊዜ ለማይታየው ከልካይ ራሳቸው ስም አወጡለት፤ «ዐማር 404» አሉት። ዐማር በመንደሩ ውስጥ ሁሉ የሚገኝ ተራ የሰው ስም ነው። ከልካዩ ጭምብል ለበሰ፥ ሕዝቡ ግን ከጭምብሉ ላይ ስም ለጠፈበት። በዚያ ዘመን ከተጻፈው ፌዝ ሁሉ ይህን ያህል የተሳካ አለ ብዬ አላምንም፤ ደራሲውም አይታወቅም።

ከነዚያ ጦማሪዎች መካከል አስቀድሞ ዋጋ የከፈለው ዙሀይር ያህያዊ ነው። እርሱ በ2001 አንድ ድረ ገጽ አቁሞ «ኤቱንሲ» በሚል የብዕር ስም ይጽፍ ነበር፤ ትርጓሜውም «ቱኒዚያዊው» ማለት ነው። ስሙን ሸሽጎ የአገሩን ሁሉ ስም መውሰዱን ልብ በሉ። አጎቱ ሙክታር ያህያዊ ዳኛ ነበሩ፤ በዚያው ዓመት ዳኞች ነጻነት እንደሌላቸው የሚገልጽ ግልጽ ደብዳቤ በገዛ ስማቸው ለፕሬዚዳንቱ ጽፈው ነበርና፥ ዙሀይር ያን ደብዳቤ በገጹ ላይ አወጣው። ሌላ ጊዜም ለአንባቢዎቹ፥ ቱኒዚያ ሪፑብሊክ ናት ወይስ መንግሥተ ንጉሥ፥ የአራዊት ማቆያ ናት ወይስ እስር ቤት የሚል የቀልድ ጥያቄ አቀረበላቸው። በጁን 2002 ይሠራበት ከነበረው የኢንተርኔት ቤት ተያዘ። የድረ ገጹን የይለፍ ቃል እንዲያወጣ ካሠቃዩት በኋላ ተፈርዶበት ታሰረ፤ በእስር ቤትም ደጋግሞ ከምግብ ተከለከለ። በኖቬምበር 2003 ተፈታ፤ በማርች 13 ቀን 2005 ግን ገና በሠላሳዎቹ ዕድሜ ሳለ በልብ ሕመም ሞተ።

አጎትየው በስማቸው፥ ወንድም ልጁ በብዕር ስም የጻፉት ነገር አንድ ነበር። ታዲያ ወጣቱ ከሽማግሌው ያነሰ ደፋር ነበርን? አይመስለኝም። ዳኛው ሲጽፉ ሥልጣናቸውና ማዕርጋቸው ምስክር ሆኖ ከስማቸው ጋራ ይቆም ነበርና ስማቸው ለደብዳቤው ክብደት ይሰጠዋል። ወጣቱ ግን ስሙን ቢጽፍ ለቃሉ የሚጨምርለት ነገር የለም፤ ለፖሊሱ አድራሻ መስጠት ብቻ ይሆንበታል። ስለዚህ ስም ይጻፍ ወይስ ይሸሸግ ብለን ከመፍረዳችን አስቀድሞ፥ ስሙ ቢጻፍ ማንን ይጠቅማል ብለን መጠየቅ ይገባናል።

ናዋት የተባለው ድረ ገጽ በ2004 በስደት ባሉ ቱኒዚያውያን ተመሠረተ። ከመሥራቾቹ አንዱ ሪያድ ገርፋሊ የተባለ የሕግ ሰው ሲሆን፥ የሚጽፈው ግን «ሐስድሩባል» በሚል የጥንት የካርታጎ የጦር አለቃ ስም ነበር። የዚህን ሰው አንድ ሥራ ከፍ አድርጌ ላነሣው እወዳለሁ። በዓለም ላይ አውሮፕላን ሲነሣና ሲያርፍ ፎቶግራፍ እያነሡ፥ ቀኑንና ስፍራውን እየጻፉ በኢንተርኔት ማኖር የሚያስደስታቸው ሰዎች አሉ። ለምን እንደሚያስደስታቸው እኔ አላውቅም፤ ነገር ግን ሥራቸው ለቱኒዚያ ሕዝብ ታላቅ ጥቅም ሰጠ። ሐስድሩባል እነዚያን ፎቶግራፎች እየለቀመ የቱኒዚያ ፕሬዚዳንት አውሮፕላን በየትኛው ቀን በየትኛው የአውሮፓ ከተማ እንደ ታየ መዘገበ። ቀጥሎም የቤተ መንግሥቱን የጕዞ ማስታወቂያ አጠገቡ አቀረበ። ፕሬዚዳንቱ ከአገር አልወጡም በተባለበት ቀን አውሮፕላኑ ከባሕር ማዶ ቆሞ ይታይ ነበር። በ2007 ይህን በተንቀሳቃሽ ሥዕል አድርጎ አወጣው። ታዲያ በመንግሥት ገንዘብ የሚበረው አውሮፕላን ማንን ይዞ፥ ለምን ጕዳይ ይሄድ ነበር? ጥያቄውን ለተመልካቹ ተወለት።

የዚህ ሥራ ብልኀት ከየት መጣ? ጸሐፊው ጭምብል ለብሷል፥ ማስረጃው ግን ራቁቱን ቆሟል። ፎቶግራፎቹን ያነሡት ቱኒዚያን የማያውቁ እንግዶች ናቸው፤ ቀኑ ተጽፏል፤ ማንም ሰው ሄዶ ሊያስተያይ ይችላል። «እኔን እመኑኝ» ብሎ አልጠየቀምና ማንነቱን ማወቅ አስፈላጊ አልሆነም። ስሙን የሸሸገ ጸሐፊ የሚታመነው ራሱን ምስክር ሳያደርግ በቀረበት መጠን ነው። ብዙ የብዕር ስም ለባሾች ይህን አልተረዱትም፤ ፊታቸውንም ማስረጃቸውንም በአንድ ጨርቅ ይሸፍኑና አንባቢው በሹክሹክታ እንዲያምናቸው ይጠብቃሉ።

ጭምብል ለባሹ ሊያስብበት የሚገባ ሌላ ነገር ደግሞ አለ። ከ2007 ጀምሮ «ዜድ» በሚል አንድ ፊደል ብቻ የሚፈርም የካርቱን ሠዓሊ ነበረ። በቱኒስ ሐይቅ ዳር ሊሠራ የታሰበውን ታላቅ የሕንጻ ዕቅድ በመንቀፍ ጀመረ፤ ሐይቁ ላይ የሚኖረውን ፍላሚንጎ የተባለ ቀይ ወፍም ምልክቱ አደረገው። ፖሊሶች ሠዓሊውን አጡት። በኖቬምበር 2009 ግን አንዲት ጦማሪ «ዜድ አንቺ ነሽ» ተብላ ተይዛ ታሰረች፤ እርሷ ግን አልነበረችም። ስሙን የሸሸገ ሰው ራሱን ባዳነበት ስፍራ ላይ ሌላ ሰው ሊቆም እንደሚችል ከዚህ ይታያል። ይህን ስል ሠዓሊው ወጥቶ እጁን መስጠት ነበረበት ማለቴ አይደለም፤ ወንጀሉ የያዦቹ ነው። ነገር ግን ጭምብል ለለባሹ ብቻ የሚቆረጥ ልብስ ነው ብሎ የሚያስብ ሰው ይህን ታሪክ አይርሳ።

ከጭምብል ለባሾቹ በአንጻሩ የቆሙትም ነበሩ። ስሊም አማሙና ያሲን አያሪ በሜይ 2010 ሳንሱርን የሚቃወም ሰልፍ ለማድረግ አሰቡና፥ እንደ ሕጉ በገዛ ስማቸው ለአገር ግዛት ሚኒስቴር ማመልከቻ ለመስጠት ሄዱ። መሥሪያ ቤቱ ይህን ዐይነት ሰው ማስተናገድ የለመደ አልነበረም። በሰልፉ ዋዜማ ተይዘው፥ ሰልፉ ቀርቷል ብለው በተንቀሳቃሽ ሥዕል እንዲናገሩ ተገደዱ። ያም ሆኖ በማግሥቱ አንዳንድ ወጣቶች ነጭ ሸሚዝ ለብሰው በቡርጊባ ጎዳና ካፌዎች ቡናቸውን ጠጡ። ነጭ ሸሚዝ ለብሶ ቡና የሚጠጣን ሰው በምን ሕግ ይከሱታል?

ሊና ቤን ምሄኒም እንዲሁ ናት። በ1983 ተወለደች፤ በቱኒስ ዩኒቨርሲቲ ታስተምር ነበር። የገጿ ስም «ቱኒዚያዊት ልጅ» ማለት ነው፤ ከዙሀይር የብዕር ስም ጋራ አንድ ቤት የተወለደ ይመስላል። ልዩነቱ ግን እርሷ ከዚያ ስም ሥር የራሷን ስምና ፎቶግራፍ ማኖሯ ነው። በዲሴምበር 2010 መሐመድ ቡአዚዚ የተባለው ሸቀጥ ሻጭ በሲዲ ቡዚድ ራሱን አቃጥሎ ዐመፁ ሲነሣ፥ በጃንዋሪ 2011 ሊና ወደ ካሰሪንና ወደ ረጌብ ሄደች። የአገሩ ጋዜጦች ዝም ባሉበት ጊዜ የተገደሉትን ሰዎች አስከሬንና የሚያለቅሱትን ቤተ ሰቦች ፎቶግራፍ አንሥታ አወጣች።

ስሟ እዚህ ላይ ምን ጠቀመ? ሐስድሩባል የአውሮፕላኑን ፎቶግራፍ ከሌሎች ሰዎች ወሰደ፤ ሊና ግን ራሷ ምስክር ነበረች። «እዚህ ነበርሁ፥ በዐይኔ አየሁ» የሚል ሰው ማን እንደ ሆነ ካልተናገረ ቃሉ ነፋስ ነው። ለሐስድሩባል ያለ ስም መጻፍ የሚቻል ሆኖ ሳለ ለሊና የማይቻል የሆነው ከድፍረት ልዩነት ብቻ ሳይሆን ከሥራው ጠባይ የተነሣም ነው። ደግሞም ልጃቸው የሞተባቸው ወላጆች ፊታቸውን ለካሜራዋ ገልጠው ሲሰጧት፥ እርሷ የራሷን ብትሸፍን ነውር ይሆንባት ነበር።

በነዚያው ሳምንታት የመንግሥቱ ሰዎች የሰዎችን የፌስቡክ የይለፍ ቃል በተንኮል እየሰረቁ፥ በባለቤቶቹ ስም ገብተው ገጾቻቸውን ያጠፉ ነበር። ዐማር አሁን ስም መስረቅ ጀመረ ማለት ነው። ስሊም አማሙም በጃንዋሪ 6 ተያዘ፤ ነገር ግን ስልኩ ያለበትን ስፍራ ለወዳጆቹ ስለ ገለጸላቸው፥ በአገር ግዛት ሚኒስቴር ግንብ ውስጥ መሆኑን ሰው ሁሉ ዐወቀ። በ13ኛው ቀን ተፈታ። በዚያው ሌሊት ፕሬዚዳንቱ ሳንሱር ይነሣል ብለው በቴሌቪዥን ተናገሩ፥ የተከለከሉት ገጾችም ተከፈቱ። በማግሥቱ፥ ጃንዋሪ 14 ቀን 2011፥ ከአገር ሸሹ።

ወጣቶች ሆይ፥ ከዚህ በፊት ያለው ታሪክ የታወቀ ነው፤ ብዙ ጊዜም ይወደሳል። እኔን የሚያሳስበኝ ከዚያ በኋላ የሆነው ነው። አምባገነን ሲወድቅ ጸሐፊው እጁ ላይ የቀረውን የጦር መሣሪያ ምን ያደርገዋል?

አማሙ በጃንዋሪ 17፥ ከእስር በወጣ በአራተኛው ቀን፥ የወጣቶችና የስፖርት ሚኒስትር ዴኤታ ሆኖ ተሾመ። ከሚኒስትሮች ጉባኤ ውስጥ በትዊተር አጫጭር ወሬ ይልክ ነበር፤ ክራባት ባለማሰሩ እንደ ተወቀሰ ሳይቀር ለሕዝብ ነገረ። ብዙ ሰው በዚህ ሣቀ፥ ተደሰተም። እኔ ግን የተቃዋሚነት ልማድ ወደ ሥልጣን ወንበር ሲገባ ምን ያህል እንደሚጠብበው ያየሁት በዚህ ላይ ነው። ከውጭ ሆኖ በግንብ ቀዳዳ አሾልቆ የሚያይ ሰው ያየው ጥቂት ነገር ሁሉ ትልቅ ወሬ ነው፤ ከውስጥ የተቀመጠ ሰው ግን ሲጠየቅ ስለ ክራባት ሳይሆን ስለ ውሳኔው መመለስ አለበት። ያም ሆነ ይህ በሜይ 2011፥ በወታደሮቹ ጥያቄ አንዳንድ ገጾች እንደ ገና ሲዘጉ ሥልጣኑን ለቀቀ። አራት ወር ያህል ነው የቆየው። ባለሥልጣን ሆኖ የዐማርን ሥራ በስሙ ከመፈረም መልቀቁ ሊመሰገን የሚገባው ነገር ነው።

የናዋት ሰዎች መንገድ ከዚህ ዝግ ያለ፥ በኔ አስተያየትም የተሻለ ነበር። ሳሚ ቤን ገርቢያ ከ13 ዓመት ስደት በኋላ አገሩ ገባ። ድርጅቱ በሕግ ተመዘገበ፤ በቱኒስ ቤት ተከራየ፤ ጸሐፊዎቹ በየጽሑፋቸው ላይ በስማቸው መፈረም ጀመሩ። ዱሮ ከሌሎች የተገኘ ምስጢር እያባዙ ያወጡ ነበር፤ በኖቬምበር 2010 ስለ ቱኒዚያ የተጻፉትን የአሜሪካ ኤምባሲ መልእክቶች ያወጡት እነርሱ ናቸው። ከ2011 በኋላ ግን ራሳቸው ሄደው መጠየቅ፥ የተከሰሰውን ሰው መልስ መስማት፥ የገንዘባቸውን ምንጭ መግለጽ ግዴታቸው ሆነ። አንባቢ የሚከስበት አድራሻ ያለው ጸሐፊና አድራሻ የሌለው ጸሐፊ አንድ ዐይነት ዓረፍተ ነገር አይጽፉም። ዱሮ የነበረው ፌዝና ድፍረት ከዚህ የተነሣ በመጠኑ ቀዘቀዘ፤ የድሮውን ሣቅ የሚናፍቅ አንባቢ ቢኖር አልፈርድበትም። እኔ ግን በዋጋው ልክ ዕቃውን ያገኙ ይመስለኛል።

ዜድ የተባለው ሠዓሊ ከለውጡ በኋላም ጭምብሉን አላወለቀም። ብዙዎች «ቤን አሊ ሄደዋል፥ አሁን ማንን ትፈራለህ?» ሊሉት ይችላሉ። ነገር ግን በሃይማኖት ስም የሚዝቱ ሰዎች ያን ጊዜ ተነሥተው ነበር፤ በ2012 በፌስቡክ ሃይማኖትን ተሳደባችሁ ተብለው ሁለት ወጣቶች 7 ዓመት ተኩል ተፈርዶባቸዋል። ሊና ራሷም ከ2013 ጀምሮ የግድያ ዛቻ ስለ በዛባት በፖሊስ እየተጠበቀች ትኖር ነበር። በ2014 ደግሞ በጀርባ ደሴት ፖሊሶች እንደ ደበደቧት ተናገረች። የሚጠብቋትም የሚደበድቧትም አንድ ዐይነት ልብስ ለብሰው ማየቷ ምንኛ የሚያስደንቅ ነው! ስለዚህ አስፈሪው ኀይል እጅ እየለወጠ ሲሄድ ጋሻውን ያልጣለውን ሰው ለመንቀፍ አልቸኩልም።

በስማቸው ከጻፉት ላይ ደግሞ ሁልጊዜ ንጹሕ ሥራ አይገኝም። በዲሴምበር 2012 ኦልፋ ሪያሒ የተባለች ጦማሪ የውጭ ጕዳይ ሚኒስትሩ በሆቴል ያደሩበትን ደረሰኝ አወጣች። የመንግሥት ገንዘብ እንዴት እንደ ወጣ መጠየቋ ትክክል ነበር፤ ስለዚህም ከአገር እንዳትወጣ መከልከሏ አሳፋሪ ነው። ነገር ግን ከገንዘቡ ጥያቄ ጋራ ስለ አንዲት ሴት ማደሪያ የሚጠቍም ነገር አብሮ ስለ ወጣ፥ ብዙው ሰው ሒሳቡን ትቶ ሐሜቱን ተከተለ። ደረሰኙ ላይ ያለው ቍጥር ብቻውን በቂ ክስ ሆኖ ሳለ ሌላውን መጨመር ምን ያስፈልግ ነበር? ይህ በጨለማ ዘመን የተለመደ አሠራር ነው፤ የተገኘውን ሁሉ መወርወር። ጨለማው ከጠራ በኋላ ግን ጸሐፊው መምረጥ አለበት።

ከሁሉ የከፋው ነገር ከነዚህ ከማንኛቸውም አልመጣም። ድኻው ጭምብሉን ሲያወልቅ ኀይለኛው አንሥቶ ለበሰው። የፓርቲና የንግድ ሰዎች ባለቤታቸው የማይታወቅ የፌስቡክ ገጾችን መግዛትና ማቋቋም ጀመሩ፤ ስሞቻቸውም የሕዝብ ድምፅ የሚመስሉ ነበሩ። በ2020 ፌስቡክ ከአንድ የቱኒዚያ ድርጅት ጋራ ግንኙነት ያላቸውን ከ400 የሚበልጡ ገጾች አጠፋ፤ በሌሎች የአፍሪካ አገሮች ምርጫ ላይ ሳይቀር ነጻ የዜና ምንጭ መስለው ይሠሩ ነበር። ዙሀይር «ቱኒዚያዊው» ሲል አገሩን በሙሉ በትከሻው ተሸክሞ እስር ቤት ገባ። እነዚህኞቹ የሕዝብን ስም ለብሰው ደመወዝ ይቀበላሉ። ልብሱ አንድ ነው፤ ለባሹን ለመለየት ግን የሚጻፍበት ሰው ከጸሐፊው ይበረታል ወይስ ይደክማል ብሎ መጠየቅ ነው።

ይህ ነገር ከኛም የራቀ አይደለም። በ2012 በአዲስ አበባ «ዞን ዘጠኝ» በሚል ስም የተሰባሰቡት ወጣቶች፥ የቃሊቲ እስር ቤት ስምንት ዞኖች ስላሉት ከግንቡ ውጭ ያለው አገር ዘጠነኛው ነው ብለው ስሙን አወጡ። በስማቸውና በፎቶግራፋቸው ይጽፉ ነበር። በኤፕሪል 2014 ስድስቱ ከሦስት ጋዜጠኞች ጋራ ታስረው በፀረ ሽብር ሕግ ተከሰሱ፤ በክሱም ላይ መልእክታቸውን በኢንተርኔት ከሰላይ ለመጠበቅ መማራቸው እንደ ወንጀል ተቈጠረ። ደብዳቤን ማሸግና ስምን መሸሸግ ሁለት የተለያዩ ነገሮች መሆናቸው ለከሳሾቹ አልታያቸውም ነበር። ማንም ሰው ደብዳቤውን ያሽጋል፥ ቤቱንም ይቈልፋል። በ2015 ከሚበዙት ላይ ክሱ ተነሣ ወይም ፍርድ ቤት ነጻ አላቸው። በጁን 2018 ደግሞ መንግሥት ዘግቷቸው የነበሩትን ከ200 የሚበልጡ ድረ ገጾችና ጣቢያዎች ከፈተ።

በሩ በተከፈተ ጊዜ ግን በስም የሚጽፉት ብቻ አልገቡም። በ2021 በባሕር ዳር አንድ ፕሮፌሰርን ስማቸውንና ፎቶግራፋቸውን አውጥቶ፥ የሚኖሩበትን ሰፈር ጠቍሞ የሚከስሳቸው ጽሑፍ በፌስቡክ ተሰራጨ። በኖቬምበር ወር ፕሮፌሰሩ በቤታቸው ደጅ ተገደሉ። ከዚህም የተነሣ በዲሴምበር 2022 በፌስቡክ ባለቤት ላይ በናይሮቢ ፍርድ ቤት ክስ ቀርቧል። ያን ጽሑፍ ያወጣው ገጽ የሰው ስም አልነበረውም። የተከሰሱት ስማቸው፥ ፊታቸው፥ ሥራቸውና ሰፈራቸው ተዘርዝሮ፥ ከሳሻቸው ግን አንድም ነገር አልተገለጠበትም። እኔ የቀማኛ ጫካ ያልሁት ይህን ነው። እናንተም ምናልባት ያለ ስም የተጻፈ ክስ በስልካችሁ ተቀብላችሁ ለሌላው አስተላልፋችሁ ይሆናል። ስታስተላልፉት ግን ያ ጸሐፊ ያልሰጠውን ስም እናንተ ሰጣችሁት፤ የተቀበላችሁ ወዳጃችሁ የሚያምነው ገጹን ሳይሆን እናንተን ነውና።

አንዳንድ ሰዎች ይህን ሁሉ ሲሰሙ «እንግዲያውስ ሁሉም በስሙ እንዲጽፍ፥ ሐሰት የጻፈም እንዲታሰር ሕግ ይውጣ» ይላሉ። ቱኒዚያ ይህን ሞክራዋለች። ፕሬዚዳንት ቀይስ ሰኢድ በጁላይ 2021 ሥልጣኑን ሁሉ ከጠቀለሉ በኋላ፥ በሴፕቴምበር 2022 ድንጋጌ ቍጥር 54 የተባለውን አወጡ። በኢንተርኔት ሐሰተኛ ወሬ ያወጣ እስከ 5 ዓመት ይታሰራል፤ ወሬው የመንግሥት ባለሥልጣንን የሚነካ ሲሆን ቅጣቱ እጥፍ ይሆናል። እጥፍ የሚሆነው ለደካማው ሳይሆን ለባለሥልጣኑ መሆኑን አስተውሉ። ሕጉ ሲወጣ ስም የለሾቹን ለመያዝ ነው የተባለ ቢሆንም፥ የያዘው ግን አስቀድሞ በስማቸው የተናገሩትን ሆነ፤ እነርሱን ለማግኘት መድከም አያስፈልግምና። ሶንያ ዳህማኒ የተባለችው የሕግ ጠበቃ በ2024 በቴሌቪዥን ቀርባ፥ ፊቷ እየታየ፥ የአገሯን ኑሮ የሚነቅፍ የምጸት ቃል ተናገረች። በሜይ ወር ከጠበቆች ማኅበር ቤት ገብተው ወሰዷት። ሊወስዷት የመጡት ፖሊሶች ፊታቸውን ሸፍነው ነበር።

ሊና ይህን ሳታይ ከረዥም ሕመም በኋላ በጃንዋሪ 27 ቀን 2020 ሞታለች። በመጨረሻዎቹ ዓመቶቿ ከአባቷ ጋራ ሆና ለእስር ቤቶች ቤተ መጻሕፍት መጽሐፍ ትሰበስብ ነበር፤ አባቷ በወጣትነታቸው የፖለቲካ እስረኛ ነበሩና መጽሐፍ ለእስረኛ ምን እንደ ሆነ ያውቁ ነበር። ሬሳዋን ሴቶች ተሸክመው ቀበሯት። የዙሀይር ሞት የዋለበት ማርች 13 ደግሞ ከ2012 ጀምሮ በቱኒዚያ የኢንተርኔት ነጻነት ቀን ተብሎ ተሰይሟል፤ ድንጋጌ 54 የወጣው ያ ቀን ከተሰየመ ከ10 ዓመት በኋላ ነው።

ከንግዲህ አንድ የቱኒስ ወጣት ስሙን ከጽሑፉ ላይ ቢያነሣ ፈሪ ብዬ አልሰድበውም። የምጠይቀው የሐስድሩባልን ጥያቄ ነው፤ ፊትህን ሸፍነሃል፥ ማስረጃህን ግን የት አኖርኸው? የጻፍህበትስ ሰው አንተን ለማሰር የሚችል ነው ወይስ አንተ እርሱን ለማስገደል የምትችል?